ለቁስለኛ ጠላቱ የራራው ጄኔራል

በዓለም ታሪክ ውስጥ ስማቸው ገኖ ከሚነሣው የጦር መሪዎች አብዛኞቹ የሚታወቁት ባሸነፉት ጦርነት ብዛት፣ በያዙት አገር ስፋት ወይም በማረኩት ሠራዊት ቁጥር ነው። ጊዮም ሄንሪ ዱፉር የተባለው የስዊስ ጄኔራል ግን የሚታወሰው ከዚህ በተለየ ምክንያት ነው። ዱፉር ጦር መርቶ አሸንፏል፤ ነገር ግን ስሙ ሲነሣ የሚወሳው ካፈሰሰው ደም ይልቅ ሳይፈስ እንዲቀር ያደረገው ደም ነው። የአገሩ ሰዎች በሁለት ተከፍለው ጦር በተማዘዙበት ጊዜ የአንደኛው ወገን አዛዥ ሆኖ ሳለ፣ የሌላው ወገን ቁስለኛ እንደ ገዛ ወታደሩ እንዲታከም አዘዘ። ከዚህ ትእዛዝ በስተኋላ የነበረው ሐሳብ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ብዙ መንግሥታት የተፈራረሙበት ሕግ ሆነ። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱፉር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1787 ኮንስታንስ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ግን የኮንስታንስ ተወላጆች አልነበሩም። አባቱ የጄኔቫ ሰው ሲሆን ሙያው ሰዓት መሥራት ነበር። በ1782 ጄኔቫ ውስጥ ሥልጣኑን በያዙት ጥቂት ቤተሰቦችና የመብት ጥያቄ ባነሡት ነዋሪዎች መካከል ብርቱ ጠብ ተነሣ። የጎረቤት መንግሥታት ጦር ገብቶ ዐመፁን ካከሸፈ በኋላ ብዙ ሰዎች ከተማዪቱን ለቀው ተሰደዱ። የዱፉር ቤተሰብም ከስደተኞቹ መካከል ነበር። ስለዚህ ሕፃኑ ይህን ዓለም ያየው በስደት አገር ነው። የአንድ ከተማ ሰዎች እርስ በርስ ሲጣሉ ምን እንደሚከተል ለማወቅ የታሪክ መጽሐፍ ማገላበጥ አላስፈለገውም፤ የገዛ ቤተሰቡ ኑሮ በቂ ትምህርት ነበር። ቤተሰቡ ወደ ጄኔቫ የተመለሰው በ1789 ነው።

ዱፉር ገና ልጅ ሳለ ጄኔቫ ነጻነቷን አጣች። በ1798 የፈረንሳይ ጦር ገብቶ ከተማዪቱን ከፈረንሳይ ግዛት ጋር ቀላቀላት። በዚህ የተነሣ ወጣቱ የፈረንሳይ ዜጋ ሆኖ አደገ። በ1807 ፓሪስ ወደሚገኘው ታዋቂ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም ሜስ በተባለች ከተማ የጦር መሐንዲስነት ሙያ ተማረ። ያ ዘመን ናፖሊዮን ቦናፓርት አውሮፓን በጦር የሚያናውጥበት ስለ ነበር፣ ወጣቱ መኮንን በግሪክ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ኮርፉ ደሴት ተልኮ ምሽግ በማሠራት አገለገለ። በ1813 በባሕር ላይ በተደረገ ውጊያ ቆስሎ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። ቆየት ብሎ ቢለቀቅም፣ መቁሰልና መማረክ ምን እንደሆኑ በገዛ ሰውነቱ ቀመሰ። በኋላ ስለ ቁስለኞችና ስለ ምርኮኞች ትእዛዝ ሲጽፍ ከሩቅ ስለ ሰማው ነገር አልነበረም የሚጽፈው።

የናፖሊዮን መንግሥት ከወደቀ በኋላ ጄኔቫ በ1815 የስዊስ ኮንፌዴሬሽን አባል ሆነች። ዱፉርም በ1817 የፈረንሳይን አገልግሎት ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ትዳር ይዞ አራት ሴቶች ልጆች አፈራ። የጄኔቫ መሐንዲስ ሆኖ በሠራባቸው ዓመታት የከተማዪቱን መልክ ለወጠ፤ የሐይቁንና የወንዙን ዳርቻ አስተካከለ፣ ድልድዮችን ሠራ። ከሥራዎቹ አንዱ በ1823 ለሕዝብ መተላለፊያ የተከፈተው የሴንት አንትዋን ድልድይ ነው። ይህ ድልድይ በብረት ሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው በዘላቂነት ከተሠሩት ድልድዮች በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል። ዱፉር ከዚህም ሌላ በ1819 ቱን በተባለች ከተማ የተቋቋመውን የጦር ትምህርት ቤት ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ በመምህርነትም አገልግሏል። ከተማሪዎቹ መካከል ኋላ ናፖሊዮን ሦስተኛ ተብሎ የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ሉዊ ናፖሊዮን ይገኝበታል።

ከሥራው ሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደው የስዊስ ካርታ ነው። ዱፉር ይህን ሥራ መምራት የጀመረው በ1832 ገደማ ሲሆን፣ የመጨረሻው ቅጠል ታትሞ እስኪወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። ቀያሾቹ በበረዶ የተሸፈኑ ተራሮችን እየወጡ፣ ጥልቅ ሸለቆዎችን እየወረዱ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ለኩ። በዚህም በ100,000 አንድ መጠን የተነደፈ ትክክለኛ ካርታ ተገኘ። መንግሥቱም ምስጋናውን ለመግለጽ በ1863 የአገሪቱን ከፍተኛ ጫፍ በስሙ ሰየመው። 4,634 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ጫፍ ዛሬም የዱፉር ጫፍ ተብሎ ይጠራል። ካርታ ሠሪው ስዊስን ሲያይ የተከፋፈሉ ግዛቶችን ሳይሆን አንድ አገርን ያይ ነበር። ወታደሮቹ ሁሉ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር እንዲሰለፉ የደከመውም ለዚህ ነው። በቀይ መደብ ላይ ነጭ መስቀል ያለበት ሰንደቅ ዓላማ በ1840 የሠራዊቱ የጋራ ምልክት ሆኖ ጸደቀ።

ይሁን እንጂ አገሪቱ አንድ ልብ አልነበራትም። ስዊስ በዚያን ጊዜ ካንቶን በሚባሉ 22 ግዛቶች የተከፈለች ስትሆን፣ እያንዳንዱ ካንቶን የራሱ መንግሥትና የራሱ ወታደር ነበረው። ከካንቶኖቹ የሚበልጡት የመካከሉ መንግሥት እንዲጠነክርና አዲስ ሕገ መንግሥት እንዲወጣ ይፈልጉ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ሌሎቹ ካቶሊኮች ሲሆኑ፣ ነባር መብታቸውና ሃይማኖታቸው የሚነካባቸው መስሎ ታያቸው። በ1841 አርጋው የተባለው ካንቶን ገዳማትን ዘጋ። በ1844 ደግሞ የሉሰርን ካንቶን ከፍተኛ ትምህርቱን ለኢየሱሳውያን መነኮሳት በመስጠቱ ቁጣው ተባባሰ። በጎ ፈቃደኛ ታጣቂዎች ሉሰርንን ለመያዝ ሁለት ጊዜ ዘምተው ተመለሱ፤ ሰውም አለቀ። በዚህ ጊዜ ሉሰርን፣ ኡሪ፣ ሽቪዝ፣ ኡንተርቫልደን፣ ዙግ፣ ፍሪቡርና ቫሌ የተባሉት ሰባት ካንቶኖች በዲሴምበር 1845 ለጋራ መከላከያ ቃል ኪዳን ገቡ። ይህ ቃል ኪዳን ዞንደርቡንድ፣ ማለትም የተለየ ማኅበር፣ በሚል ስም ይታወቃል።

በጁላይ 1847 የካንቶኖች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ይህ ማኅበር እንዲፈርስ ወሰነ። ሰባቱ ካንቶኖች ግን ውሳኔውን አልቀበልም አሉ። ነገሩ በጦር እንዲፈጸም ሲቃረብ አዛዥ መምረጥ አስፈለገ። በስዊስ የጄኔራልነት ማዕረግ የሚሰጠው ጦርነት ሲያሰጋ ብቻ ነው። ምክር ቤቱ ኦክቶበር 21 ቀን 1847 ማዕረጉን ለዱፉር ሰጠው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳ ነበር። አስተሳሰቡ ረጋ ያለና ጽንፈኝነትን የማይወድ በመሆኑ፣ ከራሱ ወገን አንዳንድ ፖለቲከኞች በጥርጣሬ ያዩት ነበር። በሌላው ወገን ከተሰለፉት መካከል በአንድ የጦር ሰፈር አብረውት የኖሩ ወታደሮች ነበሩ። ዱፉር ሹመቱን የተቀበለው የደስታ ስሜት ተሰምቶት አልነበረም። ጦርነቱ የማይቀር ከሆነ ግን አጭር መሆን አለበት፣ ሲያበቃም ሰዎቹ እንደገና በአንድ አገር አብረው መኖር የሚችሉ መሆን አለባቸው ብሎ አመነ።

ምክር ቤቱ ኖቬምበር 4 ቀን ጦሩ እንዲዘምት ወሰነ። ዱፉር ከመድፍ አስቀድሞ ያዘጋጀው ቃል ነበር። በዚያው ቀንና በማግሥቱ ለመኮንኖቹና ለወታደሮቹ ስለ ጠባያቸው መመሪያ ሰጠ። ወታደሮቹ ከዚህ ትግል አሸንፈው ብቻ ሳይሆን ሳይነቀፉ ጭምር መውጣት እንዳለባቸው ገለጸላቸው። ሴቶችን፣ ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችንና የሃይማኖት አባቶችን በእነርሱ ጥበቃ ሥር አደረገ፤ መሣሪያ ባልያዘ ሰው ላይ እጁን የሚያነሣ ራሱን የሚያዋርድ፣ ሰንደቅ ዓላማውንም የሚያጎድፍ መሆኑን አስታወቀ። የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያኖች እንዲከበሩም አዘዘ።

ከትእዛዙ ሁሉ ክብደት ያለው ስለ ተሸነፈው ጠላት የተናገረው ክፍል ነው። ጠላት ተመትቶ ሲያፈገፍግ ጥሎት የሚሄደው ቁስለኛ እንደ ራሳቸው ቁስለኛ ሆኖ እንዲታከም፣ መከራ ላገኘው ሰው የሚገባው አክብሮት ሁሉ እንዲሰጠው አዘዘ። ምርኮኛ መሣሪያውን ይፈታል እንጂ እንዳይጎዳ፣ እንዳይሰደብም ከለከለ። የጦር ልብሱን አውልቆ ዳግመኛ መሣሪያ እንዳያነሣ በክብሩ ቃል የሚገባ ምርኮኛ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ፈቀደ። ውጊያ ባበቃ ጊዜ መኮንኖች የወታደሩን ቁጣ እንዲገቱ አሳሰበ። ጠላት የጭካኔ ሥራ ቢሠራ እንኳ በእርሱ ወገን ብቀላ እንዳይደረግ ከለከለ። ለወታደሮቹ ያቀረበው ምክንያት ቀላልና ልብ የሚነካ ነበር፤ ዛሬ ቁስለኛ ወይም ምርኮኛ ሆነው የሚያገኟቸው ሰዎች ትናንት በአንድ ሰፈር አብረዋቸው የነበሩ ጓዶቻቸው መሆናቸውን አስታወሳቸው።

በሥሩ የነበረው ጦር ወደ 100,000 የሚጠጋ ነበር። የዞንደርቡንድ ጦር ደግሞ የአካባቢ ተከላካዮችን ጨምሮ ወደ 80,000 ይደርስ ነበር። አዛዡ ዮሐን ኡልሪኽ ፎን ሳሊስ ሶልዮ የተባለ መኮንን ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ፕሮቴስታንት ሆኖ ሳለ የካቶሊኮቹን ጦር ይመራ ነበር። ይህም ጦርነቱ የሃይማኖት ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። ዱፉር የመሐንዲስ አእምሮውን ተጠቅሞ ዘመቻውን አሰላ። ጦሩን በትኖ በየቦታው ከመዋጋት ይልቅ፣ ጠላት መከላከል ከንቱ መሆኑን ዐይቶ እጁን እንዲሰጥ በአንድ ቦታ ብዙ ጦር ማሰባሰብን መረጠ። ለእርሱ ብዙ ጦር ማሰለፍ ብዙ ሰው ለመግደል ሳይሆን ብዙ ሰው ለማዳን የተዘየደ ዘዴ ነበር።

መጀመሪያ የተጠቃው ከሌሎቹ ተነጥሎ የሚገኘው የፍሪቡር ካንቶን ነው። ዱፉር ከተማዪቱን ከ20,000 በሚበልጥ ጦር ከበበ። ነገር ግን መድፎቹ ተጠምደው ሳለ ኖቬምበር 13 ቀን መልእክተኛ ልኮ የጦሩን ብዛት ለካንቶኑ መንግሥት አስታወቀ፤ በከንቱ ደም እንዳይፈስም አሳሰበ። የፍሪቡር ሹማምንትም ተኩስ እንዲቆም ጠየቁ። በዚያው ዕለት በርቲኒ በተባለ ምሽግ አጠገብ፣ ተኩስ መቆሙ በሚገባ ባለመታወቁ፣ ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞተ። ቢሆንም ከተማዪቱ በማግሥቱ ያለ ከባድ ውጊያ እጇን ሰጠች።

ይሁንና የአዛዥ ትእዛዝ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ወታደር አይደርስም። ፍሪቡር ከተያዘች በኋላ አንዳንድ ወታደሮች የኢየሱሳውያንን ትምህርት ቤትና ሌሎች ቤቶችን ዘረፉ። ዱፉር በዚህ እጅግ አዘነ፤ ተቆጣም። ድል ያገኘ ወታደር ልጓም እንደ ፈታ ፈረስ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ መኮንኖቹ ሥነ ሥርዓቱን እንዲያጠብቁ ጠየቀ። ይህ ሁኔታ አንድ ነገር ያስረዳል። ርኅራኄ በአንድ ሰው ደግ ልብ ብቻ አይጸናም፤ በትእዛዝ፣ በቁጥጥርና በኃላፊነት መደገፍ አለበት።

ከፍሪቡር በኋላ የጦሩ ፊት ወደ ሉሰርን ዞረ። ዙግ ኖቬምበር 21 ቀን እጁን ሰጠ። በኖቬምበር 23 ቀን ሮይስ በተባለው ወንዝ ዳር፣ ጂሲኮን በምትባል መንደር አጠገብ፣ የጦርነቱ ዋና ውጊያ ተደረገ። የዞንደርቡንድ ወታደሮች በጀግንነት ቢከላከሉም ምሽጋቸው ተሰበረ፤ አዛዣቸው ሳሊስ ሶልዮም በመድፍ ጥይት ስባሪ ቆሰለ። ከዙሪክ የመጡ በጎ ፈቃደኞች በፈረስ በሚሳቡ ሠረገሎች ቁስለኞችን ከጦር ሜዳ ያነሡ ነበር። በማግሥቱ ሉሰርን ተያዘች። የቀሩት ካንቶኖች አንድ በአንድ እጃቸውን ሲሰጡ፣ የመጨረሻው ቫሌ ኖቬምበር 29 ቀን ገባ። ጦርነቱ አራት ሳምንት እንኳ አልሞላም። የሁለቱም ወገን ሙታን ተደምረው ከአንድ መቶ እምብዛም አይርቁም። ከመቶ ሰማንያ ሺህ ያህል ታጣቂ መካከል የሞተው ይህን ያህል ብቻ መሆኑ በእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ ውስጥ ብርቅ ነገር ነው።

ለመሆኑ ዱፉር ለጠላት ቁስለኛ እንዲህ የተጠነቀቀው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ሰብአዊነት ነው። መሣሪያው ከእጁ የወደቀ፣ መነሣት የተሳነው ሰው ከእንግዲህ ወዲህ ተዋጊ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ውኃ፣ ፋሻና ሐኪም ነው። ሁለተኛው ምክንያት አርቆ ማሰብ ነው። ከውጭ አገር ጠላት ጋር የተዋጋ ጦር፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ድንበርም ይለያየዋል። በእርስ በርስ ጦርነት ግን አሸናፊውም ተሸናፊውም የሚመለሱት ወደ አንድ ገበያ፣ ወደ አንድ መንገድ፣ ወደ አንድ አገር ነው። በወደቀበት የተገደለ ቁስለኛ ልጆችና ወንድሞች አሉት፤ ቂሙም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በጠላቱ እጅ ቁስሉ ታጥቦ፣ ታክሞ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ግን የሚያወራው ሌላ ታሪክ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ወታደራዊ ነው። እጁን ቢሰጥ እንደማይገደል ያወቀ ጠላት ተስፋ ቆርጦ እስከ ሞት አይዋጋም። ዱፉር ኃይል ያለው ሰው እንኳ ተስፋ የቆረጠ ጠላትን መፍራት እንዳለበት ለመኮንኖቹ አሳስቦ ነበር።

የዚህ አካሄድ ፍሬ ፈጥኖ ታየ። ጦርነቱ ካበቃ ዓመት ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1848፣ ስዊስን አንድ የፌዴራል መንግሥት ያደረገው ሕገ መንግሥት ጸና። በዚህ ሕገ መንግሥት የተሸነፉት ካንቶኖች እንደ ሌሎቹ ሁሉ ድምፅና ወንበር አገኙ። የጦርነቱን ወጪ እንዲከፍሉ ተፈርዶባቸው የነበረ ቢሆንም፣ ያልተከፈለው ዕዳ በ1852 ተማረላቸው። ቁስሉ በአንድ ቀን ባይሽርም፣ የስዊስ ካንቶኖች ከዚያ ወዲህ እርስ በርሳቸው ጦር አልተማዘዙም። ዱፉር ራሱ ከዚያ በኋላ በ1849፣ በ1856ና በ1859 በድጋሚ ጄኔራል ሆኖ ተሾሟል። በ1856 በኔሻቴል ግዛት ምክንያት ከፕራሻ ጋር ጦርነት ባሰጋ ጊዜ፣ ወደ ቀድሞ ተማሪው ወደ ናፖሊዮን ሦስተኛ ተልኮ ስለ ሰላም ተነጋግሯል። ነገሩም በ1857 በስምምነት አለቀ።

የዱፉር ሐሳብ ከአገሩ ድንበር አልፎ ወደ ዓለም የወጣው በሽምግልናው ጊዜ ነው። ጁን 24 ቀን 1859 በሰሜን ኢጣሊያ፣ ሶልፌሪኖ በተባለ ቦታ፣ የፈረንሳይና የሰርዲንያ ጦር ከኦስትሪያ ጦር ጋር ተዋግቶ ብዙ ሺህ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። ሄንሪ ዱናን የተባለ የጄኔቫ ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ፣ ቁስለኞች ሐኪም አጥተው ሲያጣጥሩ ዐይቶ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ ረዳቸው። ያየውንም በ1862 በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የብዙ ሰው ልብ ነካ። በ1863 በጄኔቫ አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። አባሎቹ ዱናን፣ የሕግ ዐዋቂው ጉስታቭ ሟንዬ፣ ሐኪሞቹ ሉዊ አፒያና ቴዎዶር ሞኗር፣ እንዲሁም ዱፉር ነበሩ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ዱፉር ሆነ። ኋላ ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የተባለው ይህ ነው።

በጦር ሜዳ ስለ ርኅራኄ መናገር ለብዙ መንግሥታት የሕልም ወሬ ይመስል ነበር። ሐሳቡን ጦር መርቶ ያሸነፈ ጄኔራል ሲደግፈው ግን ለማቃለል አስቸገረ፤ ዱፉር የሚመሰክረው ራሱ አድርጎ ስላየው ነገር ነበርና። በኦገስት 1864 ከልዩ ልዩ መንግሥታት የተላኩ መልእክተኞች በጄኔቫ ተሰበሰቡ። ጉባኤውን በሊቀ መንበርነት የመራው የሰባ ስድስት ዓመቱ ዱፉር ነው። ኦገስት 22 ቀን 1864 አሥራ ሁለት መንግሥታት የመጀመሪያውን የጄኔቫ ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ አሥር አንቀጾች ብቻ ነበሩት። የጦር ሐኪሞች፣ ሆስፒታሎችና የቁስለኛ ማመላለሻዎች ገለልተኛ ሆነው እንዲከበሩ፣ የቆሰለ ወታደር የየትኛውም ወገን ቢሆን እንዲነሣና እንዲታከም አዘዘ። ምልክቱም በነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀል ሆነ፤ ይህም የስዊስ ሰንደቅ ዓላማ ቀለሙ ተገላብጦ ማለት ነው።

ሆኖም ይህ ስምምነት የሚመለከተው በመንግሥታት መካከል የሚደረግን ጦርነት ብቻ ነበር። ዱፉር በ1847 የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ በትእዛዝ የፈጸመው ነገር፣ ለእርስ በርስ ጦርነት ዓለም አቀፍ ሕግ ሆኖ የተጻፈው በ1949 በጸደቁት የጄኔቫ ስምምነቶች ነው። በመካከሉ 102 ዓመታት አልፈዋል። ከዚህም አንድ ሰው በወቅቱ የሚገባውን ማድረግ ከፈለገ፣ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ እንደማያስፈልገው እንረዳለን።

የጄኔቫው ሐሳብ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ጊዜ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝና ከሌሎች አገሮች የመጡ የቀይ መስቀል የሕክምና ቡድኖች የኢትዮጵያን ቁስለኞች ሲረዱ፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡ። ሕጉ ተጽፎ ሳለ ያከበረው ሁሉ እንዳልነበረ ይህ ድርጊት ምስክር ነው። ኢትዮጵያ የ1949ን ስምምነቶች በ1962 ዓ.ም. አጽድቃለች።

ዱፉር ጁላይ 14 ቀን 1875 በሰማንያ ሰባት ዓመቱ በጄኔቫ ዐረፈ። በ1884 በከተማዪቱ አደባባይ በፈረስ ላይ የተቀመጠበት ሐውልት ቆመለት። መልኩ በ1956 በወጣው የስዊስ የ20 ፍራንክ የወረቀት ገንዘብ ላይም ታትሞ ነበር። ድልድይ የሠራ፣ ካርታ ያዘጋጀ፣ ጦር የመራ፣ የዓለም ጉባኤ ሊቀ መንበር የሆነ ሰው ስለ ነበር የሚታሰብባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው።

ነገር ግን ከሥራው ሁሉ በላይ የሚመዝነው በኖቬምበር 1847 የጻፋቸው ጥቂት ገጾች ናቸው። ርኅራኄ ብዙ ጊዜ የደካማ ሰው ጠባይ ተደርጎ ይታያል። ዱፉር ግን የራራው በኃይል በልጦ፣ ድሉ በእጁ ሳለ ነው። ደግሞም የራራው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ተጸጽቶ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ጥይት ሳይተኮስ አስቀድሞ አስቦና ደንግጎ ነው። ነገ አብሮት የሚኖረውን ሰው ዛሬ በወደቀበት የሚያነሣ፣ ጦርነቱን ብቻ ሳይሆን ሰላሙንም ያሸንፋል።

ጥያቄዎች

1. የዱፉር ቤተሰብ ከጄኔቫ የተሰደደው በምን ምክንያት ነበር?
2. ዱፉር በወጣትነቱ ያጋጠመው ነገር በኋላ ከሰጠው ትእዛዝ ጋር ምን ግንኙነት አለው?
3. ጄኔራሉ ስለ ጠላት ቁስለኞችና ምርኮኞች የሰጣቸውን ትእዛዞች በራሳችሁ አባባል ዘርዝሩ።
4. ዱፉር ፍሪቡርን ከመውጋቱ በፊት መልእክተኛ የላከው ለምንድን ነው? ከተማዪቱ ከተያዘች በኋላ ምን ተፈጸመ?
5. በእርስ በርስ ጦርነትና ከውጭ ጠላት ጋር በሚደረግ ጦርነት መካከል ጸሐፊው ያሳየው ልዩነት ምንድን ነው?
6. “ርኅራኄ በትእዛዝ፣ በቁጥጥርና በኃላፊነት መደገፍ አለበት” በሚለው ሐሳብ ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።